የአሳይመንት ወንፈል

«ሳቢራ ትሸከመው» አለ አብዱልጀሊል። «ሌላ መውጫ የለንም።»

ሳቢራ ከቺፑዱ ወዲህ ለዛሬ የምትለብሰውን ሻርፕ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳችና በእጇ እንደያዘች ቆመች። የአማቷን ሳሎንና እሷና ባሏ የሚኖሩባትን ክፍል የሚለየው ያ ቺፑድ ብቻ ነው፤ ከወዲያ ስኳር ሲማሰል ከወዲህ ይሰማል። በዚህች ክፍል መኖር ከጀመረች ወዲህ ከግድግዳው ማዶ የሚባለውን አለመስማት ለምዳለች፤ የቤቱ ሰውም እሷን እንዳልሰማች መቁጠር ለምዷል። አሁን ግን የተጠራው ስሟ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም አብዱልጀሊል ቤት ውስጥም ቢሆን የሚናገረው ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ ነው፤ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ። «ስንጠየቅ ሦስታችንም ቃላችን አንድ ነው። እኛ የየራሳችንን አሳይመንት ሠርተን በፍላሽ ሰጥተናታል። ኮምቦልቻ ወስዳ የምታስገባልን እሷ ናት፤ ፓስወርዳችንም እሷ ጋ ነው። የራሷን በአራታችንም ስም አስገባችው። ተሳስታ ይሁን አውቃ፣ እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። አለቀ።»

«አይ እንግዲህ…» አለ ወፍራም፣ ዘገምተኛ ድምፅ። ጨፋ የሚያስተምሩት ጋሽ ሙሀመድኑር ናቸው። «የሰው ሐቅ ነው እኮ አብዱልጀሊል።»

«ሐቅ አይደለም አላልኩም። ግን አራታችን ከምንቀበር አንዷ ብትታመም አይሻልም? እሷ ባል አላት፤ ሙጂብ መኪናውን እየነዳ ያበላታል። አንቱ ያን ሁሉ ልጅ ይዘው የት ሊገቡ ነው?»

 ከወዲያ ሕፃን ሳለ። ደረቅ፣ እንደ ጫጩት ያለ ሳል ነው። ሳቢራ ታውቀዋለች፤ ትናንት ከሰዓት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ጭኗ ላይ ሆኖ ሲስል ጀርባውን ስታሸው ነበር። የኡምኩልሱም ልጅ ነው። ኡምኩልሱም ከሷ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ከሷ ጋር አንድ ሳህን ምሳ የምትበላ ጓደኛዋ ናት። በዚህ ማለዳ እዚህ ቤት መጥታ፣ በሯን ሳታንኳኳ አልፋ፣ ከቺፑዱ ወዲያ ተቀምጣለች። ሳቢራ አንድ ቃል ትናገር እንደሆነ ብላ ጆሮዋን ጣለች። የሰማችው ግን የአማቷን ድምፅ ነበር። ለካ ይህ ሁሉ ሲባል እማ ሀዲጃም እዚያው ነበሩ። «ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉት» አሉ። «ልጅቱ እኮ ገና አልወጣችም።»

ነገሩ ሲጀመር ለአንዳቸውም ስርቆት አልመሰላቸውም። አራቱም ዲፕሎማ ያላቸው አስተማሪዎች ናቸው። ለዲግሪው ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ይማራሉ፣ በበጋ ደግሞ ኮርሱ በኢንተርኔት ይሰጣል። ሞጁሉም፣ የመምህሩ ማብራሪያም፣ አሳይመንቱም ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ነው ያለው። እነሱ ባሉበት ከሚሴ ላይ ያ ገጽ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፤ አብዛኛውን ቀን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሳቢራ ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ ኮምቦልቻ በሄደች ቁጥር ፍላሽ ይዛ ትሄዳለች። ሞጁሉን ለአራቱም ታወርዳለች፣ የተሠራውን በየስማቸው ታስገባለች፤ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው የጎረቤቱንም እህል አብሮ እንደሚጭነው ማለት ነው። የአራቱም ፓስወርድ በቃሏ ነው። የጋሽ ሙሀመድኑር «ቢስሚላህ» ነው፤ ያለ ቢስሚላህ የሚከፈት በር የለም ብለው ነው ያወጡት። ወንፈሉንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቀን ውጪ ቦርከና ዳር ያለ ማሳቸውን ስለሚያርሱ ኮርሱንም ያዩት በማሳ ዓይን ነው። «አራት ኮርስ፣ አራት ሰው» አሉ። «እያንዳንዳችን አራቱንም ለየብቻ ካረስን ዝናቡ ይቀድመናል። አንዱን አንተ እረስልኝ፣ አንዱን እኔ ላርስልህ። ይሄ ወንፈል ነው፤ ወንፈል ደግሞ ከአባት የመጣ ነው።» ሁሉም ሳቁ፣ ሁሉም ተስማሙ። ምዘናው ለአብዱልጀሊል፣ የምርምር ዘዴው ለጋሽ ሙሀመድኑር፣ የማስተማር ዘዴው ለኡምኩልሱም፣ ስነ ልቦናው ለሳቢራ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ ቃላቱን ይቀያይሩ ነበር። ኋላ ግን ወንፈል የገባ ሰው ለጎረቤቱ ሲያርስ ፈሩን ይለውጣል እንዴ ብለው ተዉት።

ያጠፋቸው የስነ ልቦናው ጥያቄ ነው። «በምታስተምሩበት ክፍል ካሉት ተማሪዎች የአንዱን ችግር ከራሳችሁ ተሞክሮ ግለጹ» ይላል። ሳቢራ ስለ ፊርደውስ ጻፈች። ፊርደውስ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ሲጀመር ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። ሳቢራ ንቀት መስሏት ከክፍል አስወጥታት ታውቃለች። የልጅቱ ግራ ጆሮ እንደማይሰማ፣ የምትዞረውም ደህናውን ቀኝ ጆሮዋን ለአስተማሪዋ ለመስጠት እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው። ጽሑፉን ጨርሳ ስታነበው ጥሩ እንደሆነ ለራሷም ታወቃት። ቅዳሜ ዕለት ኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤቱ ሞልቶ፣ ከኋላዋ ወረፋ የያዘው ሰው እያጉረመረመ፣ ያንኑ በአራቱም ስም አስገባችና ወጣች። በሦስት ትምህርት ቤት፣ በአራት ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች። በጋሽ ሙሀመድኑር ስም በገባው ላይ «እኔ ሴት አስተማሪ እንደመሆኔ» የሚለው ሐረግ እንኳ አልወጣም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለአራቱም በስልካቸው መልእክት ደረሳቸው፤ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሚሴ ባለው ማዕከል ተገኝታችሁ ከአስተባባሪው ጋር ትነጋገራላችሁ የሚል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ሳቢራ ካውያውን ከግድግዳው ነቅላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደንቡን ታውቀዋለች፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። መቅዳት አንድ ዓመት ያሳግዳል። ባለቤቱ ሳያውቅ በሌላ ተማሪ ስም ገብቶ ማስገባት ግን ለሁልጊዜው ያሰናብታል። አብዱልጀሊል ይህን አስልቶ ነው ቃሉን የመረጠው፤ እሱ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ዲግሪ ያልያዘ አስተማሪ ከከተማ ትምህርት ቤት ይነሳል የሚል ወሬ ከርሟል። እሷን ያስፈራት ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሁለት ክረምት ከሙቀት ጋር እየታገለች የተማረችው ትምህርት ይዘጋል፤ ስሟም አብረዋት በሚማሩት ፊት የሰው ፓስወርድ ይዛ ያጠፋች ተብሎ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ልጅ እንደ አዋቂ የጻፈችው ጽሑፍ፣ እሱ ነው የሚያባርራት። ሻርፑን ጠመጠመች። መርፌ ቁልፉ አገጯ ሥር ወጋት።

አብዱልጀሊል የግቢው በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። «አካም ቡልቴ፣ ሳቢራ» ብሎ እንዴት እንዳደረች ጠየቃት፣ ፈገግ እያለ። ሌላ ጊዜ ጠዋት ሲተያዩ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ብቻ ነው የሚያልፋት። «ነይ፣ አብረን እንሂድ። ለምን በፀሐይ ትሄጃለሽ?» ባጃጅ አስቆመ። ኡምኩልሱምና ጋሽ ሙሀመድኑር ቀደም ብለው ሄደዋል፤ በጓሮ በኩል ሲወጡ ኮቴያቸውን ሰምታለች። እማ ሀዲጃ ደጃፉ ላይ ማሽላ እያበጠሩ ነበር። ቀና ብለው አዩዋትና «አላህ ያቅናው» አሉ፤ ለማንኛቸው እንዳሉት ግን አልታወቀም።

ባጃጁ ዋናውን መንገድ ይዞ በከባድ መኪኖች መሀል ተሹለከለከ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያያቸው «ቲቸር፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አለ። «ሁለት አስተማሪ በአንድ ጊዜ ጭኜ እነዚያ ልጆች ዛሬ ምን ሊሆኑ ነው! አንዱን እንኳ ልመልስላቸው?» አብዱልጀሊል ሳቀ። ቀልዱ ካለቀ በኋላም ሳቁን ቀጠለ፤ ሹፌሩ ግራ ገብቶት ወደ መንገዱ ተመለሰ። ከዚያ አብዱልጀሊል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደሷ ዘንበል አለ። «አብሽሪ፣ እሺ? ሰውየው የሚጠይቅሽን አዎ በይው። ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር ደግ አይደለም። ሲቆጣ ይቆጣና ይበርድለታል።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ይህን ስትል ከማንም ይልቅ የራሷ ድምፅ አስፈራት። እንዴት እንደ ቀላል ወጣ! ሲደርሱ አብዱልጀሊል የሷንም አስር ብር አብሮ ከፈለ። በአንድ ግቢ ኖረው ብዙ ጊዜ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ያውቃሉ፤ ሁልጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ነው የሚከፍለው። በግ ከመታረዱ በፊት ውሃ እንደሚቀርብለት አስታወሰችና ያን ሐሳብ ቶሎ ከራሷ አባረረችው።

ማዕከሉ የሚባለው ዩኒቨርሲቲው የተከራያቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ምድር ቤቱ ብረታ ብረት መሸጫ ነው። ብረት ቆራጩ ማሽን በተነሳ ቁጥር የፎቁ ወለል ይንቀጠቀጣል፤ እስኪበርድ ማንም ለማንም አይናገርም። ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሽ ሙሀመድኑር በአንዱ ጫፍ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ ኡምኩልሱም በሌላው ጫፍ ልጇን አቅፋ ተቀምጠዋል። «አሰላሙ አለይኩም» አለች ሳቢራ። ሁለቱም በአንድነት መለሱ። መሀል ላይ ለሷ የሚሆን ሰፊ ቦታ ነበር፤ ሰው የሚሸሸው ቦታ ይመስል ነበር። ሌላ ቀን ኡምኩልሱም ገና ሳቢራን ስታይ ልጁን ወርውራ ነው ጭኗ ላይ የምታስቀምጠው፤ «ያዥልኝ፣ ክንዴ ሊወልቅ ነው» እያለች። ዛሬ ፎጣውን ጠበቅ አድርጋ ወደ ደረቷ ሳበችው።

በሩ ተከፈተና የአብዱልጀሊል ስም ተጠራ። የሸሚዙን ቁልፍ አስተካክሎ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ማሽኑ ተነሳ፣ ጮኸ፣ በረደ። ልጁ ሳለ።

«አልተወውም?» አለች ሳቢራ።

«አ… አልተወውም። ማለዳ ማለዳ ነው የሚብሰው።»

«አዎ» አለች ሳቢራ። «ዛሬ ማለዳም ሰምቼዋለሁ።»

የጋሽ ሙሀመድኑር ሙስበሃ ቆመ። ኡምኩልሱም ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ መጀመሪያ አልገባትም፣ ከዚያ ገባት፣ ከዚያ ምንም እንዳልገባት ለመምሰል ሞከረች፣ አልሆነላትም። አንገቷን ደፍታ የልጁን ኮፍያ ማሰር ጀመረች። የታሰረውን ፈታ መልሳ አሰረችው። ሳቢራ ይህን ስትናገር ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። ማወቋ ሲታወቅ ይብስ ፈራች። እስካሁን ከቺፑድ ወዲያ የነበረው ነገር አሁን እዚህ ወንበር ላይ አብሯቸው ተቀምጧል፣ ማንም ግን ሊያየው አይፈልግም። ጋሽ ሙሀመድኑር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ ነገር ሊሉ ነው ብላ ዞረች። «ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ» አሉ።

ተነስታ ወደ በረንዳው ወጣችና ለባሏ ደወለች። ሙጂብ ያለው ባቲ ነው፤ ጭነት እየጫነ ነበር፣ ከኋላው የሰው ጩኸትና የግመል ድምፅ ይሰማል። «ሙጂቤ፣ ዛሬ እኮ…» ብላ ጀመረች። «አዎ፣ አዎ» አላት ቶሎ ብሎ። «አብዱልጀሊል ማለዳ ደውሎልኝ ነበር። እሱ ያለሽን አድርጊ በቃ። ለኛ ክፉ አያስብም። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው እኮ ሳቢ።»

«ምን እንዳለኝ ነግሮሃል?»

ግመሉ ደጋግሞ ጮኸ። «ኔትወርኩ… አይሰማም» አለ ሙጂብ። ሳቢራ ግን በደንብ ይሰማት ነበር፤ እስትንፋሱ ሳይቀር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ከበረንዳው ወደ ታች አየች። መንገዱ እንደወትሮው ነው። ሰዎች ማንጎ ይመርጣሉ፣ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እየሄደ «ና፣ ና፣ ና» ይባላል፣ ሁለት ሴቶች ጃንጥላ ተጋርተው ያልፋሉ። ከሁሉም ያስፈራት ይህ ነው። እሷ ብትባረር የሚቆም ነገር የለም። ማታ ያው ግቢ ትገባለች፤ ያው ቺፑድ ሥር ትተኛለች፤ እማ ሀዲጃ «አይዞሽ» ይሏታል፤ አብዱልጀሊል ለጥቂት ሳምንታት የባጃጇን ይከፍልላታል። ከዚያ ሁሉም ይረሳል፤ ከሷ በቀር።

አብዱልጀሊል ወጣ። ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ «ቀላል ነው፣ ጨዋ ሰው ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለኮሪደሩ። ጋሽ ሙሀመድኑር ገቡ። ሲወጡ ወደ ወንበሩ አልተመለሱም፤ ደረጃው አናት ላይ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ኡምኩልሱም ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ ውስጥ አለቀሰ፤ ከለቅሶው በታች የሷ ድምፅ ለአጭር ጊዜ ተሰማና ጠፋ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሳቢራ ፊት ደርሳ ቆመች። «ሳቢ፣ አፉ በይኝ» አለች በሹክሹክታ። አብዱልጀሊል ሳል አሰማ። ኡምኩልሱም አለፈች።

ሳቢራ ስትገባ አስተባባሪው ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ጉንፋን የያዘው፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። መጋረጃው ተጋርዶ ክፍሉ ደብዝዟል፤ ከመሬት የተቀመጠ ማራገቢያ የወረቀቶቹን ጫፍ ያነሳል፣ ይጥላል። «ተቀመጪ» አላት። አፍንጫውን ጠረገና ቀጠለ። «ሦስት ሰው አነጋገርኩ። ሦስቱም አንድ ነገር ነገሩኝ። ቃል በቃል አንድ። ሦስቱም ‹ተሳስታ ይሁን አውቃ እሱን አላህ ነው የሚያውቀው› አሉኝ። ይሄም ራሱ እንደ አሳይመንታችሁ ነው።» አልሳቀም። «ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም። የሦስት ሰው ቃል ግን ማስረጃ ይሆናል። የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ ስለ ልጅቱ ንገሪኝ።»

ነገረችው። መጀመሪያ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር፤ ኋላ ግን ስለ ፊርደውስ እያወራች ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለች ረሳች። ልጅቷን አሁን በበሩ በኩል ከፊት እንዳስቀመጠቻት፣ እዚያ ስትሆን ደህናው ጆሮዋ ወደ ሰሌዳው እንደሚሆንና ፊቷን ማዞር እንደማያስፈልጋት፣ ግን ከልማድ የተነሳ አንዳንዴ አሁንም ወደ በሩ እንደምትዞር፣ ያኔ ክፍሉ በሙሉ «ፊርዲ፣ ወዲህ!» እንደሚላትና እሷም እንደምትስቅ። አስተባባሪው አላቋረጣትም። ስትጨርስ «ጥሩ» አለ። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ በዚህ ጥያቄ የለኝም። በነሱ ስም ስታስገቢውስ? ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም?»

ማሽኑ ከታች ተነሳ። ወለሉ በእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። እስኪበርድ ጠበቁ።

«ያውቁ ነበር» አለች።

«ማስረጃ?»

ማስረጃው ነበራት፤ ከማለዳ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እሱ ነው ሲያስፈራት ያረፈደው። የራሷም ስም ነበረበት። «ወንፈል ያውቃሉ?» አለችው።

«የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ኮርሶቹን በወንፈል ነበር የምንሠራው።»

አስተባባሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።  «የሌሎቹን ኮርሶች አሳይመንትም ክፈተው ነው የምትይኝ» አለ። «ተመሳሳይ ጽሑፍ የሚለየውን ፕሮግራም የከፈተው የስነ ልቦናው መምህር ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ማንም አላየም። እኔም አላየሁም። ከከፈትኳቸው ግን አይቼ እንዳላየሁ አልሆንም። አራታችሁም ለአንድ ዓመት ትታገዳላችሁ፤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችሁም ይጻፋል። ካልከፈትኩ በሦስቱ ቃል መሠረት አንቺ ትሰናበቻለሽ፣ እነሱ ይቺን አንዷን ደግመው ይሠሩና ይቀጥላሉ። ደንቡ ይሄ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።» ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ገጹ ነጭ ሆነ። መሀሉ ላይ ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። «የከሚሴ ኔትወርክ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። እስኪከፈት አስቢበት። ይተዉት ካልሽኝ እዘጋዋለሁ፣ አልጠይቅሽም።»

ሳቢራ ነጩን ገጽ አየች። ምዘናውን የጻፈው አብዱልጀሊል ነው፤ በሷም ስም ገብቷል። የምርምር ዘዴው የጋሽ ሙሀመድኑር ነው፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የደከሙበት። የማስተማር ዘዴውን ኡምኩልሱም ልጇን እያጠባች ነው የሠራችው፤ ገና አራስ ሳለች፣ አንዳንዱን ሳቢራ እየጻፈችላት። ገጹ ከተከፈተ ኡምኩልሱም አንድ ዓመት ታጣለች፤ ምናልባት ወዳጅነታቸውንም ለሁልጊዜው። ጋሽ ሙሀመድኑር ጡረታ ሳይደርስባቸው ዲግሪውን ለመያዝ ነበር የሚሮጡት፤ አንድ ዓመት ለሳቸው ብዙ ነው። አብዱልጀሊል የርዕሰ መምህርነት ተስፋው ይበላሻል፤ ሲመሽ ግን እሷና እሱ አንድ ግቢ ነው የሚገቡት። ሙጂብ ከባቲ ይመለሳል። ማን ጋ እንደሚቆም በስልኩ ዝምታ ነግሯታል። እማ ሀዲጃ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ያውቃሉ፤ ዓመት ሙሉ ዝቅ አድርገው ሊያናግሯት ይችላሉ። «ይተዉት» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ትንሽ ቃል ነው፤ ከ«እሺ ጋሼ» አይከብድም። አንዴ ብትለው ከዚህ ክፍል ትወጣለች፣ ሁሉም ይወዳታል። አንድ ዓመት ለአራት ሰው፣ ወይ ዕድሜ ልክ ለአንድ ሰው። እንዲህ ስታስቀምጠው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሆዷ አልሰማትም። ሆዷ የሚያውቀው ማታ ያንን ግቢ በር ማንኳኳት እንዳለ ብቻ ነው።

ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሁለት ጫማ ጥላ ይታይ ነበር። አብዱልጀሊል ነው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ይሆናል። ሊያስነጥሰው የነበረው አስተባባሪ አፍንጫውን ያዘ። ክቧ ቆመች፣ እንደገና ተሽከረከረች።  ነጩ ገጽ ከላይ ጀምሮ እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ፤ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ፣ ከዚያ የኮርሱ ስም፣ ከዚያ የተማሪዎቹ።

«ተከፈተ» አለ አስተባባሪው። ገና አልነካውም፤ እጁን አይጡ ላይ አሳርፎ ፊቷን አየ። «ስማችሁ አራቱም አለ። ምን ላድርግ?»

በሩ ሥር ያለው ጥላ አልተንቀሳቀሰም። ሳቢራ ዓይኗን ከጥላው ወደ ገጹ መለሰች።

«ይክፈቱት» አለች። «ከእኔ ይጀምሩ።»